የደረሰኛችን ጽሑፍ የት ገባ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ደረሰኝ ነው፤ ያውም ኮምፒውተር ስለሚጽፈው። እኔ የተማርኩት ንግድ ነው፤ ዲፕሎማዬ ስለ ሒሳብ መዝገብ እንጂ ስለ ኮምፒውተር አይደለም። ግን ገንዘቤ ያለበትን ነገር ሳላውቀው አላድርም።

ከአራት ሴቶች ጋር ሆነን ቦሎቄ ወደ ናይሮቢ እንልካለን። በጋራ ያሠራነው ድረ ገጽ አለን፤ ዕቃ ሲጫን ደረሰኙን በኢሜይል ለገዢው ይልካል። ባለፈው ዓመት አንድ ገዢ ደወለና፣ «ማማ፣ ደረሰኝ ብላችሁ የላካችሁልኝ 1 የሚል ቁጥር ብቻ ነው» አለኝ። ደረሰኝ ከሌለ ክፍያ የለም ብሎም ገንዘቡን ያዘ። ገጹን የሠራልን ልጅ ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳም «እንደ አዲስ ልሥራው» ብሎ ሌላ ዋጋ ጠራ። እኔም የወንድሜን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ፋይሉን አስከፈትኩት።

ገጹ የተጻፈው በፒኤችፒ ነው። ይህን ቋንቋ ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለ ሰው ጀምሮት በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው። በውስጡ ኢንክሉድ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሌላ ፋይል አምጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ያሠራዋል። ራስጌው፣ ግርጌውና የደረሰኙ ቅርጽ በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ። ስልክ ቁጥራችን ቢቀየር አንድ ፋይል ማረም ይበቃል፤ በሁሉም ገጽ ይስተካከላል።

ልጁ የኢሜይሉን ጽሑፍ ለመያዝ ኢንክሉድ የሚመልሰውን ነው የተጠቀመው። ፋይሉ ራሱ «ሪተርን» ብሎ የሚመልሰው ነገር ከሌለ ግን ኢንክሉድ የሚመልሰው «ተሳክቷል» ለማለት ቁጥር 1ን ብቻ ነው። ጽሑፉ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ይወጣል። ዕቃው በሌላ በር ወጥቶ እኛ እጅ ላይ የቀረው የበረኛው ምልክት ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ሦስት መስመር ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ኦቢ ስታርት የሚባለው ትእዛዝ፤ ይህ መጋዘን እንደ መክፈት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ቀጥሎ ኢንክሉድ። በመጨረሻ ኦቢ ጌት ክሊን፤ ይህ የተጠራቀመውን አውጥቶ በእጃችሁ ይሰጥና መጋዘኑን ይዘጋል። መጋዘኑን ከፍታችሁ ሳትዘጉ ብትቀሩ፣ ሥራው ሲያልቅ ፒኤችፒ ያለውን ሁሉ ራሱ ወደ ስክሪን ያወጣዋል። መጋዘን ውስጥ መጋዘን ከከፈታችሁ ደግሞ መጨረሻ የተከፈተው ቀድሞ ይዘጋል።

እግረ መንገዴን የተማርኩትንም ላካፍላችሁ። ፋይል ጌት ኮንተንትስ በሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ብታነቡት ትእዛዙ እንደተጻፈ ይመጣል እንጂ ዋጋው አይሰላም። ለሦስት ገዢ ሦስት ደረሰኝ ስታዘጋጁ ኢንክሉድ ዋንስን አትጠቀሙ፤ ከመጀመሪያው በኋላ ፋይሉን ስለማይደግም ሁለቱ ገዢዎች ባዶ ይደርሳቸዋል። ፋይሉ ሲጠፋ ኢንክሉድ አስጠንቅቆ ይቀጥላል፣ ሪኳየር ግን ሥራውን ያቆማል። እኔ ለደረሰኝ ሪኳየርን መርጫለሁ፤ ባዶ ደረሰኝ ከሚሄድ ሥራው ቢቆም ይሻላል። የሚከፈተውን ፋይል ስም ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው በአድራሻ መስመር ላይ እንዲጽፍ በፍጹም አትፍቀዱ፤ የቤት ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። የተፈቀዱትን ፋይሎች ራሳችሁ ዘርዝሩ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ አይከፈት።

ገንዘባችን ደረሰኙ በተላከ በሦስተኛው ቀን ገባ። ከሁሉ የበለጠ ግን ይህን ልንገራችሁ፦ ድረ ገጽ ስታሠሩ ፋይሎቹንና የይለፍ ቃሉን ክፍያውን ሳትጨርሱ ተረከቡ፤ ርክክቡም በጽሑፍ ይሁን። ከዚያ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለራሳችሁ ልካችሁ እዩት። ጆንያ ሳንመዝን አንረከብም፤ ይህንም እንደዚያው ቁጠሩት።