ያልተከደነው ጥርስ

አንባቢ ሆይ! ሕመሙ የተወው ሰው እንደገና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ያህል እንደሚከብደው አስተውለህ ታውቃለህ? እኔ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ በመጀመሪያው ተሸንፌአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ታመመ። ሐኪሙ የሥሩን ቦዮች አጽድቶ ከሞላልኝ በኋላ በላዩ ጊዜያዊ ክዳን አደረገና ዘላቂው እንዲሠራልኝ በሳምንቱ እንድመለስ አዘዘኝ። ሕመሙ ስለ ጠፋ አልተመለስሁም። ክዳኑ ውሎ አድሮ ተሸረፈ፤ ምራቅና ተሕዋስያን ወደ ሥሩ ገቡ፤ ድዴም አበጠ።

ያን ጊዜ ከምኖርበት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ መገናኛ አጠገብ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሟን «ይህ ጥርስ ታክሟል» ብላት፥ «መምህር፥ መታከም ጀምሮ ነበር ይበሉ» አለችኝ። የግሥ ጊዜያትን ሳስተምር የኖርሁ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ታረምሁ።

አሮጌው መሙያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ፥ ጉታ ፐርቻ የሚባል ነገር ነው። ሐኪሟ በጥቂት ዘይት አለሰለሰችው። ሽታው እንግዳ አልሆነብኝም፤ ነፋስ ከእንጦጦ ሲወርድ ደጄ ላይ ቆሜ የማሸተው የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር! በአጤ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ ተራራውን ያለበሰው ዛፍ፥ ዘይቱ ጉታ ፐርቻን ያሟሟል።

ቦዮቹ ከበረኪና ጋር አንድ ዘር በሆነ መድኃኒት ከታጠቡ በኋላ እንደ ሊጥ የላመ ነጭ መድኃኒት ገባባቸው። ስሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ አንተ ግን ግድግዳ ሲቀባ አይተኸው ኖራ ትለዋለህ። ለጥርስ ሕክምና ያስተዋወቀው ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ጊዜውም 1920 እ.ኤ.አ. ነው። የፒ ኤች ልኩ 12.5 ያህል ስለ ሆነ አብዛኞቹ ተሕዋስያን አይችሉትም። ኢንተሮኮከስ ፊካሊስ የሚባለው ግን እልኸኛ ነው፤ በጥርሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሸሽጎ፥ ምግብ አጥቶም ይሰነብታል፤ ኖራውንም ይቋቋማል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ክሎርሄክሲዲን የሚባል መድኃኒት ይጨምሩበታል።

«መድኃኒቱ የሚሠራው በቀስታ ነው፤ ከ14 ቀን በኋላ ይምጡ» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በስምንተኛው ቆሎ እስኪያምረኝ ድረስ ጥርሱን ረሳሁት። በቀጠሮው ዕለት ጧት ዝናብ ይጥል ነበር፤ የታክሲው ሰልፍ ከሩቅ ይታያል፤ ጠረጴዛዬ ላይም ያላለቀ ረቂቅ ተቀምጧል። ምክንያት አልጠፋም። ጊዜያዊውን ክዳን በምላሴ ዳሰስሁትና ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ።