ከአስፋልቱ ወዲያ

ባለፈው ኅዳር እኛ አምስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ከባሕር ዳር ተነሥተን ወረታ ገባን። ፎገራን በካርታ እንጂ በእግር አናውቀውም ነበርና፥ የሸሸርንና የወላላን ረግረጎች፥ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡትንም ባለረጃጅም እግር ወፎች ለማየት ቈርጠን ነበር። ከአምስታችን አንዱ በሁለት ክራንች የሚሄድ ነው። ይህን መናገራችን ለአንባቢ ነው፤ እኛስ ጒዞውን ስናቅድ ረስተነዋል፤ ጥፋታችንም ይኸው ነው።

እስከ ወረታ አስፋልት ነው። ከዚያ የያዝነው ባጃጅ ጠጠሩ ካለቀበት ላይ አውርዶን ተመለሰ። ከፊታችን ያለው በሩዝ ማሳዎች ድንበር ላይ የሚያልፍ፥ ከሁለት ስንዝር የማይሰፋ የእግር መንገድ ነበር። የፎገራን ጥቁር አፈር ያላወቀ ይወቀው፤ በክረምት እግር ይይዛል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ጓደኛችን ዐሥር ርምጃ ያህል እንደ ሄደ የግራ ክራንቹ ከስንጥቁ ገባና በጕልበቱ ወደቀ። እንሸከምህ አልነው።

«ከተሸከማችሁኝ የማየው እናንተ የቆማችሁበትን ብቻ ነው፤ ሂዱ» አለን።

እኛም (እንዴት እንደ ሆነ ዛሬም አይገባንም) ሄድን።

ስንመለስ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ጨዋታ ይዞ አገኘነው። «ስንት ነበሩ ወፎቹ?» ብሎ ጠየቀን። አልቈጠርናቸውም።

አዛውንቱ ግን፥ «ለዚህ ልጅ የሚሆን መንገድ ለኛም ይሆናል» አሉን። ለካ እዚያ ሩዙ ወደ ጠጠሩ የሚወጣው በሰውና በአህያ ጀርባ፥ ምጥ የጠናባትም ሴት በቃሬዛ ኖሯል።

ከተመለስን በኋላ ሕጉን አገላበጥን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። መልካም ነው፤ ረግረግ ግን ደጃፍ የለውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ መንገድንና ከቤት ውጭ ያለውን አገልግሎት ጭምር ይጠራል። እንግዲህ የእግር መንገዱ ከዚህ ሊወጣ አይችልም እንላለን።

መሐንዲሶች አይደለንም። ጋሪ የሚያሳልፍ ስፋት፥ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፥ በየቦዩ ላይ ደረጃ የሌለው ድልድይ፥ ይህ ሁሉ ብዙ የሚከብድ አይመስለንም። የሚከብደው ውሃው ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳውን ያለብሱታል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ገና አልተረሳም። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ ከሥሩ በቂ ቱቦ ከሌለው፥ ለአንዱ መሄጃ ሲሆን ለሌላው ማሳ ግድብ ይሆንበታል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ እኛ ወፍ ስናይ ጓደኛችን ከአዛውንቱ ጠይቆ የተረዳው ነው።