በዝሆን የተጫነ ምስጢር

ሥዕል ፊት ስቆም ማን ቆሟል፣ ማን ተንበርክኳል የሚለውን ሳላጣራ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ብርሃኑ አላወራም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው አመል ነው። ይህን አመሌን ክፉኛ የሚቆሰቁስ አንድ ሥዕል ለንደን፣ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ክምችት ውስጥ አለ። ቶማስ ጆንስ ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1863 ገደማ ሣለው፤ ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው። ርእሱ አያፍርም፤ «የእንግሊዝ ታላቅነት ምስጢር» ይላል።

ቦታው የዊንዘር ቤተ መንግሥት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ቆመዋል። ከፊታቸው የነብር ቆዳ የደረበ፣ ራሱ ላይ ላባ የሰካ አፍሪካዊ ተንበርክኳል። እሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ይሰጣሉ፤ እሱ ይቀበላል። ሹማምንቱ ቆመው ይመለከታሉ። ፍቺው ለሕፃን እንኳ አይጠፋም። መድፍ የለም፣ መርከብ የለም፣ የስኳርና የጥጥ ንግድ የለም። እንግሊዝ ዓለምን የያዘችው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ምስጢሩንም ተንበርክኮ ለጠየቃት አትደብቅም።

ነገሩ የጀመረው በወሬ ነው። በ1850ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ይባል ነበር፤ አንድ የአፍሪካ መስፍን መልእክተኛ ልኮ እንግሊዝ በምን ኃይል ይህን ያህል እንደ ገነነች ያስጠይቃል። ንግሥቲቱ የመርከባቸውን ብዛት አልቆጠሩም፤ የሠራዊታቸውን ኃይልም አላወሩም። በጥሩ የተደጎሰ መጽሐፍ ቅዱስ አንስተው ሰጡና ምስጢሩ ይኸው ነው ብለህ ንገረው አሉ። ወሬው ያማረ ነው፤ ጉድለቱ አለመደረጉ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ርክክብ የተደረገበት ቀን አልተገኘም፤ ጋለሪውም ይህንኑ አይደብቅም።

ባርከር ጦር ሜዳ መሣል የለመደ እጅ ነበረውና ለወሬው ግድግዳና ምስክር ሰጠው። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ሥዕሉ በኅትመት ተባዝቶ በየቤቱ ገባ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የኦሬንጅ ማኅበር አባላት በየዓመቱ ጁላይ 12 ሰልፍ ሲወጡ፣ ከሚሸከሟቸው ትልልቅ ዓርማዎች በአንዳንዶቹ ላይ ይኸው ሥዕል አለ። ያ ያልነበረ መልእክተኛ እስከ ዛሬ እንደ ተንበረከከ በከበሮ ታጅቦ አደባባይ ይዞራል።

ምስክሮቹን እንቁጠር። የንግሥቲቱ ባል አልበርት አሉ፤ በ1861 ስለሞቱ ለምስክርነት ከመቃብር ተጠርተዋል ማለት ነው። የዌሊንግተን መስፍን ባለቤት አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓልመርስተን አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራስል አሉ። ስም የሌለው ተንበርካኪው ብቻ ነው። የእኛ ሠዓሊ ይህን አያደርግም። በእኛ ሥዕል ከእመቤታችን እግር ሥር የሚደፋው አሠሪ ትንሽ ሆኖ ይሣላል እንጂ ስም አይነፈግም፤ እገሌ እንዴት እንደ ተማጸነ ከአጠገቡ ይጻፍለታል። ባርከር ግን የሚጽፈው ስም ስላልነበረው ለአንድ አህጉር በሙሉ አንድ ጉልበት አበጀና አለፈ።

እኔን የሚያስቀኝ ራስል ናቸው። በጥቅምት 1862 አፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን እጅ ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። በሥላሴ ስም ጀምረው ወዳጅነት ጠየቁ፤ በቱርክ የደረሰባቸውን በደል ነገሩ፤ መልእክተኞቻቸው በደኅና ወደ ለንደን የሚያልፉበትን መንገድ ፈለጉ። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ራስል የሚመሩት መሥሪያ ቤት ገባና መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። እንግዲህ በሸራው ላይ የአፍሪካን መልእክተኛ በጨዋ ደንብ ቆመው የሚያስተናግዱት ሰውዬ፣ ከሸራው ውጪ እውነተኛ የአፍሪካ ንጉሥ መልእክተኛ ልላክ ሲል መሥሪያ ቤታቸው ዝም ያለ ናቸው።

ለቴዎድሮስ መጽሐፍ ቅዱስ ቢላክላቸውስ? ለቀባሪው አረዱት ይሆን ነበር። ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ አውግስጢኖስ የተባለው መነኩሴ ለእንግሊዞች ሊሰብክ ኬንት የደረሰው በ597 ነው። ፍርዴ እንዳይዛባ ይህንንም ልጨምር፤ ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ለንደን ላይ ታትሟል፤ ያሳተመው የእንግሊዞቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። የተረጎመው ግን ካይሮ ተቀምጦ የደከመው ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ ነበር። ለእሱ የሣለ ባርከር አልተገኘም።

ለመሆኑ ቪክቶሪያ ለቴዎድሮስ የላኩት ምን ነበር? ሽጉጥ። ጥንድ ሽጉጥ፣ ለሟቹ ቆንስል ለፕላውደን ስለ ተዋለው ውለታ የምስጋና ቃል ተቀርጾበት። ካሜሮን በ1862 ያመጣው ይህን ነው። ደብዳቤው መልስ ሲያጣ ቆንስሉ ታሰረ፤ ቆንስሉ ታስሮ ሲቆይ በሮበርት ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ዝሆን ሳይቀር ጭኖ መጣ። አፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ አፄው ሕይወታቸውን ያጠፉት ከንግሥቲቱ በተበረከተላቸው ሽጉጥ እንደሆነ ይጻፋል። ይህ ስጦታ ለሰልፍ ዓርማ አይመችም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ የብራና መጻሕፍት አከማችተው ነበር። ሐቁን እንናገር ከተባለ እሳቸውም ከጎንደር አድባራት ሲወስዱ ባለቤቱን አላስፈቀዱም። ከድሉ በኋላ ወታደሩ ያገኘውን ዘረፈ፤ ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ተልኮ ስለነበር መጻሕፍቱን መርጦ ሰበሰበ። ወደ 350 የሚሆኑት ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ ያሉት ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከሚያማምሩት ስድስቱ ደግሞ የንግሥቲቱ ድርሻ ሆኑ። የሄዱት ወዴት ነው? ዊንዘር። ሆልምስም በ1870 የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በሰባት ዓመቱ የተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ የተቀበረው እዚያው ዊንዘር ነው።

ወሬው ውስጥ ያለው ጥያቄም አንድ ጊዜ በእውነት ተጠይቋል። በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ ለንደን ጻፉ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም አሉ። የአንድ አገር ታላቅነት ምስጢር መጽሐፍ ነው ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ባለቤቱ የራሱን ምስጢር ከለንደን መለመን ነበረበት። እንግሊዞች ያንን አንዱን መለሱ። መመለስ እንደሚቻል ያን ጊዜም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ባርከርን ሐሰተኛ ብዬ አላሰናብተውም። መጽሐፉን በትክክል መርጧል፤ ቤተ መንግሥቱንም አልሳተም። የሳተው ሰጪና ተቀባዩን ነው። ሥዕሉ ይቃጠል፣ ይሰወር የሚል ሐሳብም የለኝም፤ ይልቅ ይሰቀልና ይታይ። ጋለሪውን የምለምነው በእኛ ሠዓሊዎች ልማድ ከግርጌው አንዲት መስመር እንዲጽፍ ብቻ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ዘመን በእርግጥ ተጉዘዋል፤ የተጓዙት ግን ከመቅደላ ወደ ዊንዘር ነው።