የአባቴ ሒፍዝ

አባቴ ዙህርን ሰግደው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ለውዱእ ይነሣሉ። «አባባ፣ ሰግደዋል እኮ» ስላቸው ትክ ብለው ያዩኝና «መቼ?» ይላሉ። እናቴ ያን ጊዜ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ዙህርን አምስት ጊዜ ሲሰግዱ ቆጥሬአለሁ። ስሜን ከረሱት ሁለት ክረምት አለፈ። አንዳንዴ በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኛል፤ አንዳንዴም የአዲስ ዓለም ሰው እንግዳን እንደሚጠይቀው በትሕትና «የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል።

ነገር ግን ልጄ ከመድረሳ መጥቶ ሱረቱል ሙልክን ሲቀራ አንዲት ሐረካ ከሳተ፣ እኚያው ሰው ከጥግ ሆነው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሙታል። ልጁ ይደነግጣል፤ እኔም እደነግጣለሁ። የልጅ ልጃቸውን አያውቁትም፣ ስሕተቱን ግን ያውቃሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው የቤቴን ገመና ላወጣ ብዬ አይደለም። በብዙ ቤት ያለ፣ «አርጅተው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። እኔም ሳልፈው ኖሬ ነበር፤ ኋላ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ሰው የወለደውን ልጅ ረስቶ የቀራውን ቁርኣን እንዴት ያስታውሳል?

አባቴ የተወለዱት ከዳባት ወዲያ ባለው ደጋ ነው። በልጅነታቸው በግ ጠበቁ። ከዚያ ቁርኣን ቤት ገብተው ሉሕ ላይ በጥቀርሻ ቀለም እየጻፉ፣ እያጠቡ፣ እንደገና እየጻፉ ቀሩ። ወሎ ተሻግረውም ለዓመታት ደረሳ ሆኑ። ሲመለሱ አዲስ ዓለም ተቀምጠው ሸማ ሠሩ። አጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ባስጠሩት ጉባኤ እስላሙ ለብቻው እንዲሰፍር ከተወሰነ ወዲህ የጎንደር ሙስሊም ከሙያው አንዱ ሸማ ነውና። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል ከንፈራቸውም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ጁዝእ እንደሚጨርስ ጋቢውን የሚለብሰው ሰው የት ያውቃል!

ስለ ሰው አእምሮ ከጻፉት የጥንት ዑለማና ፈላስፎች መካከል ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) በሰው ውስጥ አምስት የውስጥ ስሜቶች እንዳሉ አስተምሯል። አንደኛው ዓይንና ጆሮ የሚያመጡትን አንድ ላይ ይሰበስባል፤ ሁለተኛው መልኩን ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ይቀጥላል፣ ይለያያል። አራተኛውን ወህም ይለዋል፤ ዓይን የማያየውን ትርጉም የሚይዝ ነው። ምሳሌው በግ ናት። በግ ከተኩላ መልክና ቀለም ውስጥ ጠላትነትን ታነባለች፣ ጠላትነት ግን ቀለም የለውም። አምስተኛው ሓፊዛ ይህን ትርጉም ይጠብቃል።

አባቴ ልባቸው ደኅና በነበረ ጊዜ ይህን የበግ ነገር ብነግራቸው ሳቁ። «ይህን ለማወቅ ኢብን ሲና መሆን ያስፈልጋል? ዳባት ሁለት ቀን በግ መጠበቅ ይበቃል» አሉኝ። የዘመኑ የሥነ ልቦና ምርምር ግን ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሱዛን ሚነካና ባልደረቦቿ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉ ዝንጀሮዎች እባብ እንደማይፈሩ፣ ሌላ ዝንጀሮ ሲፈራ ካዩ ግን ወዲያው እንደሚማሩ አሳዩ። አበባን እንዲፈሩ በዚያው መንገድ ቢሞከር ግን አልሆነም። እንግዲህ ዝግጁነቱ ከፍጥረት ነው፤ ትምህርቱ ከጎረቤት።

ወደ አባቴ ልመለስ። ኢብን ሲና ሓፊዛን በአንጎል የኋለኛ ጓዳ አስቀምጧት ነበር። ዛሬ ጓዳዎቹ ፈሳሽ እንጂ ትዝታ እንደማይዙ ይታወቃል። ዳሩ ግን የአእምሮ ኃይሎች ቦታ ቦታ እንዳላቸው፣ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሊተርፍ እንደሚችል የያዘው ሐሳብ አልወደቀም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ሲታከም ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ወገን ብዙው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ልቡ ላይ አልቀመጥ አለ። ሆኖም ሥዕልን በመስታወት እያየ መሳልን እጁ ተማረ፤ መማሩን ግን እሱ አያስታውስም። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ ደግሞ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1881 ትዝታ ሲፈርስ አዲሱ ቀድሞ፣ የቆየው ዘግይቶ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር።

ይህን ያስረዳኝ አባቴን ያሳየሁት ወጣት ሐኪም ነው። ቀኑን ጠየቃቸው፤ አላወቁም። ከተማውን ጠየቃቸው፤ «ዳባት» አሉ። በሽታው አልዛይመር ሳይሆን እንደማይቀር፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከሂፖካምፐስ አካባቢ እንደሚጀምር ነገረኝ። እኔም «ቁርኣኑስ?» አልኩ። እንዲቀሩ ብጋብዛቸው ከሱረቱ ያሲን ጀመሩ፤ አላቆሙም። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠ። ሲጨርሱም ቀስ ብሎ፣ «ወንድ አያቴ ቄስ ነበሩ፤ የሁላችንንም ስም ረስተው ዳዊት ይደግሙ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ስንመለስ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ደስ የሚል አልነበረም። ቁርኣኑ የተረፈው እንደ ሞሌይሰን እጅ ልማድ ስለሆነ ብቻ ነው? የአባቴ ሒፍዝ ከመወርወሪያቸው በምን ይለያል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣን የያዘን ሰው ግመሎቹን ባሰረ ሰው መስለውታል፤ ከተጠባበቀ ይቆያሉ፣ ከለቀቀ ይሄዳሉ። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስም እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን ፈትኖ ያልተደገመ ነገር እንዴት ቶሎ እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው የተከፋፈለ ድግግሞሽም እንዴት እንደሚያጸና አሳየ። አባቴ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳያሰልሱ አስረዋል። ዛሬ ግን የሚያስረው ማን ነው?

የኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. 1058–1111) ታሪክ ትዝ አለኝ። በወጣትነታቸው ሽፍቶች የትምህርት ማስታወሻቸውን እንደቀሟቸው፣ የሽፍቶቹም አለቃ «ወረቀት ስንወስድብህ የሚጠፋ ዕውቀት ምን ዕውቀት ነው?» ብሎ እንደሳቀባቸው፣ እሳቸውም ሦስት ዓመት ተቀምጠው ሁሉንም በቃላቸው እንደያዙ ይተረካል። አባቴ ቤት የገባው ሽፍታ ወረቀት አልፈለገም፤ ልጆቹን፣ ሰፈሩን፣ የዛሬን ቀን ነው የወሰደው።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አባቴ የቅጣት አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ዛሬም ቆም ብለው በአላህ ይጠበቃሉ፤ የእዝነት አንቀጽ ላይም ይለምናሉ። ይህም ልማድ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ድምፃቸው ግን እዚያ ቦታ ላይ ይለወጣል። በሱረቱ ነሕል፣ ዐዋቂ የነበረ ሰው ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ ሊመለስ እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ ልጄ የቀራ ዕለት አላረሙትም፤ ስሕተት አልነበረበትም። ዝም ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ስለ ሶላታቸው አንድ ዓሊም ጠየቅሁ። ግዴታ ከዐቅል ጋር እንደሆነ፣ ዐቅሉ ከተሰወረበት ሰው ብዕር እንደተነሣ አስረዱኝና «ታዲያ ለምን ትከራከሯቸዋላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካስ ስንጨቃጨቅ የኖርነው ለእሳቸው ሳይሆን «መቼ?» የሚለውን ቃል ላለመስማት ኖሯል።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ትናንት ሦስተኛውን ዙህር ሊሰግዱ ሲነሡ ፊቷን አላዞረችም። ማንቆርቆሪያውን አንሥታ እጃቸው ላይ ውኃ አፈሰሰችላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩዋትና፣ «የማን ልጅ ነሽ፣ አላህ ይባርክሽ» አሏት።