ለአባቴ ያዘገየሁት ኳስ

አባቴ ቤዝቦልን የተማረው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ከሬዲዮ ነው። ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቃል። ባለፈው ገና ግን "ኤምኤልቢ ዘ ሾው"ን ከፍቼ ጆይስቲኩን ስሰጠው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ሳተ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እውነተኛውን እንዲመስል ብዬ ጌሙን አክብጄዋለሁ። ሜዳ ላይ በሰዓት 95 ማይል የተወረወረ ኳስ መቺው ጋ የሚደርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ከአሥር ሦስቱ የተሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ የ61 ዓመት ሰው ግን ሰባት ጊዜ ሲስት "ይሄ የልጆች ነው" ብሎ ይነሳል።

ሻይ ሊያፈላ ሲሄድ ሁሉንም ወደ ቀላሉ ቀየርኩት። ተመልሶ መታ፤ ሆም ረን። ደገመ፤ ሆም ረን። ሦስተኛው ላይ ዞር ብሎ አየኝ።

"እያሳለፍክልኝ ነው አይደል?"

አፈርኩ። ፕሮግራመር ነኝ፤ እንዲህ ቶሎ የነቃብኝ ተጠቃሚ ግን የለም።

አብረን ሴቲንጉን ከፈትን። የኳሱን ፍጥነት ብቻ አዘገየሁ፤ ሌላውን ወደነበረበት መለስኩ። አሁን ኳሱን ያየዋል፤ ከተቻኮለ ግን ይስታል። ሦስት ቦል ሆኖ ስትራይክ ከሌለ መታገስ እንደሚሻል ከሬዲዮ ያውቃል። ታገሰም። የታክሲው ውስጥ ዓመታት ያኔ ዋጋ አገኙ።

አርኬድ የሚሉት ማቅለል ለእጁ ነበር የሚያስፈልገው፤ ለጭንቅላቱ አይደለም። እኔ ሁለቱንም ነበር ያቀለልኩበት።

4 ለ 2 ተሸነፈ። ሻዩ ቀዝቅዟል።

"ድገመው" አለኝ።