ትምህርቱን ልክፈለው ወይስ እንዳለ ልተወው?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፣ በልደታ ሰፈራችን የፕሮግራም አጻጻፍ የማያነሣ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። እኔም የማውቀውን በኢንተርኔት አስተምራለሁ፤ አንዱ ትምህርት 90 ደቂቃ ይፈጃል።

አንዲት የጎረቤት ልጅ ግን፣ «ጋሼ፣ የገዛሁት ዳታ ከመካከል እያለቀብኝ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት» አለችኝ።

የኔታስ ቢሆኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት አሻገሩን እንጂ መቼ ሁሉን ባንድ ቀን አሸከሙን? ሆኖም ፈራሁ፤ ቍርጥራጩን እያወቀ ሙሉውን መጻፍ የማይችል ተማሪ ባፈራስ?

በመጨረሻ 6 ቦታ ከፈልሁት። ግን በሁሉም ክፍል የሚጻፈው ያው አንድ የዕቁብ ፕሮግራም ነው፤ በመጀመሪያው የአባላቱ ስም ይመዘገባል፣ በሁለተኛው መዋጮው ይደመራል፣ በስድስተኛው ዕጣው ይወጣል። ልጅቱ ትናንት አራተኛው ላይ ደርሳለች።