የግትርነት ልክ፦ አንድ የተሰበረ ብስክሌት ያስተማረኝ

የሜካኒካል ምሕንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት በተመለስሁ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ አንድ ችግር አቀረበልኝ። በበጋው ወራት ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው የመስኖ ማሳ ሽንኩርት በብስክሌት እየጫነ ወደ ከተማው ያመላልስ ነበር። ብስክሌቱ በአገራችን «ማውንቴን» እየተባለ የሚጠራው፣ ሰፋፊ ጎማና በርካታ ማርሽ ያለው፣ ከሰው እጅ የተገዛ የብረት ብስክሌት ነው። «እቴቴ፣ ጭነት ሲኖረው ቁልቁለት ላይ መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ወደ አንድ ወገን፣ ኋላው ወደ ሌላ ወገን የሚሄድ ይመስለኛል» አለኝ።

ነገሩን ሳልመረምር መልሱን ሰጠሁት፤ ቴላዮው ልል ነውና ይጠናከር አልሁ። ወደ አንድ የብየዳ ቤት ወሰድነውና፣ የመሪው ቱቦና የታችኛው ቱቦ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ እንዲበየድ ጠየቅሁ። በዕድሜ የገፉት በያጅ ላሜራውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ልጄ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ላሜራው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ቱቦው ስስ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ብረት በጨመርን መጠን ይጠነክራል» ብዬ መለስሁላቸው። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ያውቁ ስለነበር አልተከራከሩኝም። እንዳልሁት ሠሩልኝ።

በጥር ወር ወንድሜ ጭኖ ሲመለስ የታችኛው ቱቦ ተቆረጠ። የተቆረጠውም ልክ ላሜራው ባለቀበት መሥመር ላይ ነበር። ከነጭነቱ ወደቀ፤ የቀኝ እጁ አንጓም ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም አንጓው እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አይዞርም። የድኅረ ምረቃ ጥናቴን ርእስ በምመርጥበት ጊዜ ወደ ብስክሌት ቴላዮ የመለሰኝ ይህ ነው። የሚከተለው በዚያ ጥናት ሂደት የተረዳሁት፣ ከስሕተቴም ጋር የተያያዘው ክፍል ነው።

ጥንካሬና ግትርነት

በያጁን በመለስሁበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌ ነበር። ጥንካሬ አንድ አካል ሳይሰበር ወይም ቅርጹን ለዘለቄታው ሳይለውጥ የሚሸከመው የኃይል መጠን ነው። ግትርነት ደግሞ በተወሰነ ኃይል ምን ያህል እንደሚጎብጥ ወይም እንደሚጠመዘዝ የሚገልጽ ነው። የመኪና ሞላ ጠንካራ ነው፤ ግትር ግን አይደለም። መስተዋት በጣም ግትር ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጠጠር ይደቅቃል። ወንድሜ ስለ ግትርነት ነግሮኝ ሳለ እኔ የመለስሁለት ስለ ጥንካሬ ነበር። የሠራሁት ሥራም ለአንዱም አልጠቀመም።

የአንድ ቱቦ ግትርነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በተሠራበት ማዕድንና በቅርጹ። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱም ግትርነቱም አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ መጠኑ ሳይለወጥ ብረቱ በአሉሚኒየም ቢተካ ቱቦው ቢቀልም ሦስት እጥፍ ያህል ይጎብጣል። ቅርጹ ግን ከማዕድኑ ይልቅ ኃያል ነው። የውጭ ስፋቱ 28.6 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ እናስብ። ውፍረቱን ሳንለውጥ ስፋቱን ወደ 34.9 ሚሊሜትር ብናሳድገው ክብደቱ በ23 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ለጉብጠትም ለጥምዘዛም ያለው ግትርነት በ85 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ምክንያቱም ስስ ግድግዳ ባለው ቱቦ ክብደት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ሲያድግ፣ ግትርነት የሚያድገው ከስፋቱ ኩብ ጋር ነው።

ግትርነት አቅጣጫ አለው

የተለመደው የብስክሌት ቴላዮ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን ያቀፈ ነው። በዚህም ምክንያት ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ጭነት በጣም ግትር ነው፤ ቱቦዎቹ ኃይሉን የሚቀበሉት በአመዛኙ በመጎብጥ ሳይሆን በመሳብና በመጨመቅ ነውና። ኮረኮንች ላይ የሚሰማንን ንዝረት የሚያበርደው በዋነኛነት ጎማው ነው፤ የጎማው መጨመቅ ከቴላዮው መጎበጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ይህ ቴላዮ ለወገብ ይመቻል» ሲባል ብዙ ጊዜ እየተመሰገነ ያለው ጎማው፣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊትና የኮርቻው ዘንግ ነው።

ወደ ጎንና ወደ ጥምዘዛ ስንመጣ ሦስት ማዕዘኖቹ ብዙም አይረዱም። ሁሉም በአንድ ገጽታ ላይ የተዘረጉ ስለሆኑ፣ ከመሪው እስከ ፔዳሉ ዘንግ ያለውን ጥምዘዛ የሚቋቋመው በዋናነት የታችኛው ቱቦ ነው። ወንድሜ የነገረኝ መንቀጥቀጥ የዚህ ዓይነት ነበር። ከጣርማ በር ከ3000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ 1300 ሜትር ገደማ ድረስ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው መንገድ፣ ወይም ወደ ወንዙ በሚያወርዱት የጠጠር መንገዶች ላይ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ጆንያ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቴላዮው ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛውም ወደ መሪው ይተላለፋል።

እኔ ያስበየድሁት ላሜራ ዝርግ ብረት ነው፤ ዝርግ ብረት ደግሞ ለጥምዘዛ እዚህ ግባ የሚባል ግትርነት የለውም። ይህን ለተማሪዎቼ የማሳየው በወረቀት ነው። አንድ ወረቀት ጠቅልዬ ጠርዙን በሙጫ አጣብቃለሁ፤ ሌላውን ጠቅልዬ ሳላጣብቅ እተወዋለሁ። ሁለቱን ሲጠመዝዙ የመጀመሪያው ይቋቋማል፤ ሁለተኛው ያለ ምንም ትግል ይታዘዛል። ከላይ በጠቀስሁት 28.6 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ ስሌቱ ቢሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር በርዝመቱ የተሰነጠቀ ቱቦ ካልተሰነጠቀው ጋር ሲነጻጸር የጥምዘዛ ግትርነቱ ወደ 900 እጥፍ ገደማ ያንሳል። የብረቱ መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዙሪያው መዘጋቱ ብቻ ነው።

የጀሪካኑ ሙከራ

ይህን በስሌት ብቻ ማመን ስላልፈለግሁ፣ ከአሮጌ ብስክሌቶች የተወሰዱ ሁለት ተመሳሳይ ቴላዮዎች ገዝቼ በአንዱ ላይ ያኔ እንዳደረግሁት ላሜራ አስበየድሁ። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። የመሪውን ቱቦ በሞርሳ አጥብቄ፣ የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ 50 ሳንቲሜትር ወደ ጎን የሚወጣ የብረት ዘንግ አሰርሁ። በዘንጉ ጫፍ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሲንጠለጠል ወደ 98 ኒውተን ሜትር የሚሆን ጥምዘዛ ይፈጠራል። በፔዳሉ ዘንግ አካባቢ የታሰረ የሌዘር መብራት ከ3 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ነጥብ ይጥላል፤ 1 ዲግሪ ጥምዘዛ ነጥቡን በ5.2 ሳንቲሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ሞርሳው ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ሁለተኛ ሌዘር በእርሱ ላይ ማሰርና የእርሱን እንቅስቃሴ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ሳላደርግ የወሰድኋቸውን የመጀመሪያዎቹን ልኬቶች ሁሉ ጥያቸዋለሁ።

ላሜራ ያለውና የሌለው ቴላዮ ነጥባቸውን ያሳረፉት እጅግ በተቀራረበ ስፍራ ነበር። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያሰፈርኋቸውን ሁለት ምልክቶች ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁ። ወንድሜ ከወደቀበት ነገር ያገኘው ጥቅም በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ነበር።

ሌሎች ችግሩን የፈቱበት መንገድ

በ1977 እ.ኤ.አ. ጆ ብሪዝ በካሊፎርኒያ ለተራራ ቁልቁለት ተብሎ የታሰበ ቴላዮ ሲሠራ፣ ከመሪው ቱቦ እስከ ኋላው ጎማ ዘንግ የሚዘልቁ ሁለት ተጨማሪ ቀጫጭን ቱቦዎች በግራና በቀኝ ጨምሮበት ነበር። ዓላማው ግትርነት ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ጋሪ ክላይን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ በጀመረው ሥራ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካነንዴል ወደ ገበያ ባወጣው ብስክሌት፣ የአሉሚኒየም ቱቦዎች በስፋት እንዲያድጉ ተደረገ። ዛሬ የምናያቸው የተራራ ብስክሌቶች የብሪዝን ተጨማሪ ቱቦዎች አልያዙም፤ የያዙት ሰፊውን ቱቦ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው እርምጃ ለእኔ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በካርቦን ጭረት በሚሠሩ ቴላዮዎች ጭረቶቹ በቱቦው ርዝመት ሲዘረጉ ጉብጠትን፣ በ45 ዲግሪ ሲዘረጉ ጥምዘዛን ይቋቋማሉ። ስለዚህ ሠሪው አንዱን አቅጣጫ ግትር፣ ሌላውን ተለማጭ ማድረግ ይችላል። የኋላ ሞላ ባላቸው አንዳንድ ቀላል የውድድር ብስክሌቶችም የኋላው ማጠፊያ ተወግዶ፣ ወደ ጎማው የሚሄዱት ስስ ክንዶች ራሳቸው በልክ እንዲጎብጡ ተደርገዋል። መጎበጡ እዚህ የተነደፈ ተግባር ነው። የት፣ በየትኛው አቅጣጫና ምን ያህል እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኗል።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የይፋት ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው በምራን ነው። ድንጋይ በሞላበት ማሳ ማረሻው ሲሰናከል ምራኑ ሸብ ረገብ ይላል፤ በሬውም አንገቱ ይተርፋል። ምራኑን በብረት የለወጠ ገበሬ አላየሁም።

ስብራቱ ለምን እዚያ ሆነ?

በያጁ የጠቆሙኝ ቦታ ላይ ሦስት ነገሮች ተገናኝተው ነበር። አንደኛ፣ ላሜራው ግትር ያደረገው ክፍል በድንገት አብቅቶ ስሱ ቱቦ ይጀምራል። ቀድሞ በረጅሙ ተከፋፍሎ የነበረው ጉብጠት በዚያ ጠርዝ ላይ ተሰበሰበ። ሁለተኛ፣ የብየዳው ሙቀት የቱቦውን ብረት ባሕርይ ለውጦታል፤ የብየዳው ጠርዝም ስንጥቅ የሚጀምርበት ጭረት ሆኗል። ሦስተኛ፣ ጭነቱ በየመንገዱ ጉድጓድ ይመላለስ ነበር። ብረት ውጥረቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ምልልሱን እጅግ ለረጅም ጊዜ ይችላል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን በእያንዳንዱ ምት ስንጥቁ በጥቂቱ ያድጋል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ልክ ስለሌለው በእርሱ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ወንድሜ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ሲያመላልስ የስንጥቁን ዕድሜ እየቆጠረ ነበር፤ ቀለሙ ስለሸፈነው ግን አላየውም።

ብስክሌቱን እንደገና ብመለከተው ኖሮ መጀመሪያ የምፈትሸው የዕቃ መጫኛውን ነበር። ከፌሮ የተሠራው መጫኛ በሁለት በላሉ ብሎኖች ብቻ ተይዞ ነበር፤ ጆንያውም ከኮርቻው በላይ ይቆለል ነበር። ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ በጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ማሰርና የመሪውን ኩሽኔታ ማስተካከል ምንም ብየዳ አይጠይቅም። ከዚህ በኋላም መንቀጥቀጡ ቢቀጥል መፍትሔው ሰፋ ያለ ቱቦ ያለው ቴላዮ ነው። የግድ ላሜራ መጨመር ካለበትም ጫፉ እየሳሳ እንዲሄድ መቁረጥና ቱቦውን አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ በጫፉ ላይ አለማሳረፍ ያስፈልጋል።

ለባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በቆላማ ከተሞቻችን ብስክሌት የጭነት መሣሪያ ነው፤ የተነደፈው ግን ለአንድ ነጂ ነው። በነጂና በጆንያ መካከል ያለውን የጭነት ልዩነት መለካትና የጥገና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መመሪያ ማዘጋጀት በማንኛውም ዎርክሾፕ ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው። ሙከራው ጀሪካን፣ ሞርሳና ሌዘር ብቻ ይጠይቃል።

ባለፈው ዓመት የሙከራዬን ውጤት ይዤ ወደዚያ ብየዳ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁና ሁለቱን የእርሳስ ምልክቶች በፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አዩ። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ቁራጭ ላሜራ አመጡ፤ ጫፉ እንደ ቅጠል እየሾጠጠ ተቆርጧል። «ያን ጊዜ እንዲህ ልቆርጠው ነበር» አሉኝ። «ብትጠይቂኝ ኖሮ።» ዛሬ በምመራቸው ጥናቶች ሁሉ የመጀመሪያው ተግባር ባለሙያውን በሥራ ቦታው ሄዶ መጠየቅ ሆኗል።